ስልክ ሲነሳ ዋይፋይ ለምን ይቆማል? ገመድ አልባ ስልክና የቤት ኔትወርክ እንዳይረባበሹ ማድረጊያ መንገዶች

ስልኩ ይጠራል፤ አንድ ሰው ያነሳዋል፤ በሌላው ክፍል ሲታይ የነበረው ቪዲዮ ቀጥ ይላል። ጥሪው ሲያበቃ ቪዲዮው ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የሚሮጠው ራውተር ለመቀየር ነው። አዲሱ ራውተርም አሮጌው በነበረበት ቦታ፣ ከዚያው ስልክ አጠገብ ይቀመጥና ችግሩ እንዳለ ይቀጥላል። ገንዘብ ከማውጣት በፊት ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል፦ የተረበሸው አየሩ ነው ወይስ የስልክ መስመሩ? ስልኩስ የሚሠራው በየትኛው ሞገድ ነው? ሁለቱም ያለ ልዩ መሣሪያ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይታወቃሉ።

እዚህ ገመድ አልባ ስልክ የምንለው ሁለት አካል ያለውን ነው፦ ከስልክ መስመሩና ከመብራት ሶኬት ጋር የሚያያዘው ቤዝ፣ እንዲሁም ቤት ውስጥ ይዘነው የምንዞረው እጀታ። ሲም ካርድ የሚገባበት የጠረጴዛ ስልክ መልኩ ቢመሳሰልም የሚሠራው እንደ ሞባይል ስለሆነ ከዚህ ጉዳይ ውጭ ነው።

መጀመሪያ፦ አየሩ ነው ወይስ መስመሩ?

ኢንተርኔቱ በዚያው የስልክ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ (ኤዲኤስኤል ወይም ቪዲኤስኤል) ጥፋቱ ከሬዲዮ ሞገድ ጋር ምንም ላይገናኝ ይችላል። ድምፅ በሽቦው ላይ የሚሄደው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ባለው ክልል ነው። ኤዲኤስኤል ደግሞ ከ25 ኪሎኸርዝ ገደማ ጀምሮ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ ያለውን ይጠቀማል፤ አዲሶቹ ዓይነቶች ከዚያም በላይ ይሄዳሉ። ሁለቱ እንዳይነካኩ የሚያደርገው በስልኩና በመስመሩ መካከል የሚገባው ትንሽ ፊልተር ነው። ፊልተር ከሌለ ወይም ከተበላሸ፣ ስልኩ ሲነሳ የመስመሩ ኤሌክትሪካዊ ጠባይ በአንዴ ይለወጥና ሞደሙ (ኢንተርኔቱን ከሽቦው የሚቀበለው፣ ብዙ ጊዜ ራውተሩ ውስጥ ያለው ክፍል) ከጣቢያው ጋር የነበረውን ግንኙነት ያጣል። ስልኩ ገና ሲጠራም እንዲሁ ሊሆን ይችላል፤ የመጥሪያው ጅረት ለሞደሙ ትልቅ ድንጋጤ ነውና።

ለመለየት እንዲህ ያድርጉ፦

1. አንድ ላፕቶፕ በኔትወርክ ገመድ በቀጥታ ከራውተሩ ጋር ያገናኙ፤ የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ።
2. በላፕቶፑ ቪዲዮ ይክፈቱና በገመድ አልባው ስልክ ለሁለት ደቂቃ ያህል ያነጋግሩ።
3. በንግግሩ ጊዜ የራውተሩን የመስመር መብራት ይመልከቱ፤ ዲኤስኤል ወይም ሊንክ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ማለት ነው።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረና በገመድ የተገናኘው ላፕቶፕም ከተቋረጠ፣ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። የመስመሩ መብራት ሳይነቃነቅ፣ በገመድ ያለው ሳይቋረጥ፣ በዋይፋይ ያሉት ብቻ ከተጎዱ ግን ጥፋቱ አየሩ ላይ ነው። ተጨማሪ ማረጋገጫ ቢፈልጉ ባለ ገመድ ተራ ስልክ እዚያው ሶኬት ላይ ሰክተው ያነጋግሩ። ተራው ስልክም ኢንተርኔቱን ከቆረጠ ስለ ሬዲዮ ሞገድ መጨነቅዎን ይተዉ። ኢንተርኔትዎ በፋይበር ወይም በሞባይል ኔትወርክ የሚመጣ ከሆነ ይህን ሁሉ ዘልለው ወደሚቀጥለው ክፍል ይለፉ።

የመስመር ችግር መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ከመስመሩ ጋር የተያያዘ ማንኛውም ነገር፣ ማለትም ስልክ፣ ፋክስ፣ መልእክት መቀበያና በስልክ መስመር የሚሠራ የማንቂያ ደወል፣ እያንዳንዱ በፊልተር በኩል ማለፍ አለበት። ሞደሙ ግን በፊልተሩ የስልክ ቀዳዳ በኩል መግባት የለበትም፤ ዲኤስኤል ወይም ሞደም ከሚለው ቀዳዳ ነው የሚሰካው። እዚህ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች ከተቀያየሩ ኢንተርኔቱ ጭራሽ አይነሳም። ሁለት ፊልተር መደራረብም ስህተት ነው፤ ድምፁን ከማድከም ሌላ ጥቅም የለውም። ሁሉም በትክክል ተሰክቶ ችግሩ ካልሄደ ሁሉንም ስልኮች ይንቀሉና አንድ በአንድ እየመለሱ ይሞክሩ፤ አንዱ ሲሰካ ችግሩ ከተመለሰ የዚያን ፊልተር ይለውጡ።

አየሩን መለካት

ስሜት አያስተማምንም። «ቀሰስ ያለ መሰለኝ» ከማለት ቁጥር ማየት ይሻላል፤ ቁጥሩን የሚሰጠው ደግሞ ፒንግ ነው፤ አጭር ጥያቄ ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ የሚለካ የኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። የሚላከው ወደ ራውተሩ ራሱ እንጂ ወደ ውጭ ድረ ገጽ መሆን የለበትም። ወደ ውጭ ከላኩ የውጭውን መስመር መዘግየት ከቤቱ አየር መለየት አይቻልም።

የራውተሩ አድራሻ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ራውተሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ላፕቶፑን በዋይፋይ ያገናኙና የትእዛዝ መስኮቱን ይክፈቱ። ፒንግ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው፣ ክፍት ቦታ ትተው፣ ሰረዝና «ኤን» ፊደል፣ እንደገና ክፍት ቦታ ትተው 100፣ በመጨረሻም የራውተሩን አድራሻ ያስገቡ። በማክና በሊኑክስ በ«ኤን» ፈንታ «ሲ» ነው የሚጻፈው። መቶ ጥያቄዎች ተልከው እስኪመለሱ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይወስዳል። ላፕቶፑን ከቦታው ሳያንቀሳቅሱ ይህን ሦስት ጊዜ ያድርጉት፦

መጀመሪያ የስልኩ ቤዝ ከመብራት ተነቅሎ፣ የእጀታው ባትሪም ወጥቶ።
ቀጥሎ ስልኩ ተሰክቶ፣ ነገር ግን ማንም ሳያወራበት።
በመጨረሻ አንድ ሰው በስልኩ እያወራ።

ጤናማ የቤት ዋይፋይ ለራውተሩ ፒንግ ከ1 እስከ 5 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ይመልሳል፤ አልፎ አልፎ 20 ወይም 30 ቢል ችግር የለውም። ከመቶው አንድ ሁለት ቢጠፋም አጋጣሚ ነው። ሦስተኛው ሙከራ ላይ ግን መልሶቹ ወደ 100፣ 300፣ 800 ከዘለሉ፣ ወይም ከመቶው አሥርና ከዚያ በላይ ከጠፋ፣ ተጠያቂው ስልኩ ነው። ሁለተኛው ሙከራ ራሱ የተበላሸ ከሆነ ደግሞ ቤዙ ባይወራበትም ዝም ብሎ አይቀመጥም ማለት ነው፤ አንዳንድ ቤዞች እጀታው እንዳይጠፋቸው ያለማቋረጥ ምልክት ይልካሉ። ሦስቱም ሙከራዎች እኩል መጥፎ ከሆኑ ስልኩ ነጻ ነው፤ ሌላ ተጠርጣሪ ይፈለግ።

ሦስተኛውን ሙከራ ሁለት ጊዜ ቢያደርጉት ደስ ይላል፦ አንዴ እጀታው ከላፕቶፑ ጎን ሆኖ፣ አንዴ ሌላ ክፍል ሆኖ። ምክንያቱን ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ጆሮም ይረዳል። የአናሎግ ስልክ እጀታ ራውተር አጠገብ ሲሆን በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ የሚሰሙት ራውተሩ «እዚህ ነኝ» እያለ በየ102.4 ሚሊሰከንዱ የሚልከውን ምልክት ነው። ስልኩና ዋይፋዩ አንድ ሜዳ ላይ ለመሆናቸው ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም።

ዋይፋይ የሚቃኙ የሞባይል አፖች ግን እዚህ ላይ አይጠቅሙም። የሚያሳዩት ሌሎች የዋይፋይ ኔትወርኮችን ብቻ ነው። ስልኩ የዋይፋይ ቋንቋ ስለማይናገር ለአፑ አይታየውም፤ አየሩ በስልክ ተጨናንቆ ሳለ አፑ «ቻናሉ ባዶ ነው» ሊልዎ ይችላል፤ ቻናል ማለት ቁጥር የተሰጠው የሞገድ ክፍል ነው።

መለያውን ያንብቡ

ቤዙን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ፣ የእጀታውንም ባትሪ አውጥተው ከውስጥ ያለውን ያንብቡ። የሚፈልጉት በሜጋኸርዝ ወይም በጊጋኸርዝ የተጻፈውን ቁጥር ነው፤ አንድ ጊጋኸርዝ 1000 ሜጋኸርዝ ነው።

ከ43 እስከ 50 ሜጋኸርዝ ወይም 900 ሜጋኸርዝ የሚል ከሆነ ስልኩ አሮጌ ነው፤ ከዋይፋይ ጋር ግን አይገናኝም። ሌላ ጉድለት አለበት፦ አብዛኞቹ ምስጠራ ስለሌላቸው ንግግሩን ሬዲዮ መቃኛ ያለው ሰው ሊያዳምጠው ይችላል።

ዴክት (በእንግሊዝኛ DECT፣ የዲጂታል ገመድ አልባ ስልኮች የጋራ ደረጃ) የሚል ከሆነ እፎይ ይበሉ። ዴክት በአውሮፓና በብዙ አገሮች ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርዝ፣ በሰሜን አሜሪካ ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ላይ ይሠራል። ዋይፋይ እዚያ ሠፈር አይደርስም። የሰሜን አሜሪካው «ዴክት 6.0» ተብሎ ስለሚሸጥ በ6 ጊጋኸርዝ የሚሠራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ 6.0 የገበያ ስም ብቻ ነው፤ ሞገዱ 1.9 ጊጋኸርዝ ነው።

2.4 ጊጋኸርዝ የሚል ከሆነ ዋናውን ተጠርጣሪ አግኝተዋል። ዋይፋይ ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ያለውን ክልል ይጠቀማል፤ ይህ ስልክም እዚያው ነው።

5.8 ጊጋኸርዝ የሚለው ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛ፣ ከ5725 እስከ 5850 ሜጋኸርዝ ስለሚሠራ የዋይፋይን የላይኛውን የ5 ጊጋኸርዝ ቻናሎች፣ ማለትም ከ149 እስከ 165 ያሉትን፣ ይነካል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ከእነዚህ ስልኮች አንዳንዶቹ 5.8 የሚጠቀሙት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ መልሱ የሚሄደው በ2.4 ነው። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 5.8 ነው፤ 2.4 የሚለውን ትንሹን መለያ ላይ ነው የሚያገኙት።

ምን ስለሚሆን ነው የሚቆመው?

ዋይፋይ ጨዋ ነው። ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ ሌላ እየተናገረ ከሆነ ይጠብቃል። ሌላ ዋይፋይ ከሆነ በጣም ደካማ ድምፁን፣ እስከ 82 ዲቢኤም (የሬዲዮ ጉልበት መለኪያ) ከዜሮ በታች ድረስ፣ ለይቶ ያውቀዋል። ዋይፋይ ያልሆነውን ነገር ግን የሚያውቀው በጉልበቱ ብቻ ነው፤ 62 ዲቢኤም ከዜሮ በታችና ከዚያ በላይ የሆነ ጩኸት ካለ «ሰው አለ» ብሎ ዝም ይላል። የ2.4 ስልክ ግን ማዳመጥ የሚባል ነገር አያውቅም። ድምፅ ሊዘገይ ስለማይችል ተራ ሳይጠብቅ ይልካል።

ስለዚህ ጉዳቱ ሁለት መልክ አለው። ስልኩ ቅርብ ከሆነ ራውተሩ ተራ ሲጠብቅ ይውላል፤ ኔትወርኩ የቆመ ይመስላል። ስልኩ ራቅ ካለና ከወሰኑ በታች ከሆነ ደግሞ ራውተሩ አየሩ ባዶ መስሎት ይልካል፤ የላከው መንገድ ላይ ይበላሻል፤ ደግሞ ይልካል፤ ደግሞ ይበላሻል። ራውተሩ ይህን ሲያይ ቀስ ብሎ ቢናገር የሚሰማ መስሎት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቀስ ብሎ መናገር ደግሞ አየር ላይ ረጅም ጊዜ መቆየት ስለሆነ፣ ስልኩ ንግግሩን የመቁረጥ ዕድሉ ይጨምራል። ፍጥነቱ ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንዴ ገደል የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

«ዋይፋዩ ሙሉ መስመር ያሳያል፣ ግን ምንም አይከፍትም» የሚለው ቅሬታም መነሻው ይኸው ነው። በስክሪኑ ላይ ያሉት መስመሮች የራውተሩ ድምፅ ምን ያህል ጮክ እንደሚል እንጂ በጫጫታው ውስጥ ይሰማ እንደሆነ አይናገሩም።

መፍትሔ አንድ፦ ማራራቅ

ምንም ወጪ የሌለው ይህ ስለሆነ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። በክፍት ቦታ ርቀት በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ጉልበት ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ማለትም 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከራውተሩ ግማሽ ሜትር ላይ ያለን ቤዝ 4 ሜትር ላይ ቢያደርጉት ርቀቱ ሦስት ጊዜ በእጥፍ አደገ፤ 18 ዴሲቤል ተቀነሰ ማለት ነው። ይህም ከስድሳ እጥፍ በላይ መዳከም ነው። መካከል ላይ የብሎኬት ግድግዳ ካለ ደግሞ ተጨማሪ ነው።

ራውተሩን ከፍ ባለ ቦታ፣ ክፍት አድርገው፣ ዋይፋይ ብዙ ወደሚጠቀሙበት ክፍል አስጠግተው ያኑሩት። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ከማቀዝቀዣ አጠገብና ከብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ይራቅ። ስልኩን በተቃራኒው የቤቱ ጫፍ ያድርጉ። የስልክ ሶኬቱ አንድ ብቻ ከሆነና ሁለቱም እዚያው መሆን ካለባቸው፣ ስልኩን ለማራቅ የስልክ ማራዘሚያ ገመድ መጠቀም ራውተሩን ከመጎተት ይሻላል፤ የዲኤስኤል መስመር በረጅምና በርካሽ ማራዘሚያ ፍጥነት ያጣልና።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። እጀታውም እንደ ቤዙ ሬዲዮ ይልካል። ቤዙን ቤቱ ጫፍ ወስደው፣ እጀታውን ጆሮዎ ላይ አድርገው ላፕቶፕዎ ፊት ከተቀመጡ፣ ራውተሩ ሰላም አግኝቷል፤ ላፕቶፑ ግን ከረባሹ አንድ ክንድ ብቻ ነው የራቀው። ፒንጉን እጀታው በሁለት ቦታ ሆኖ እንዲሞክሩ ያልነው ይህን ለማየት ነው። ሁለቱ ውጤቶች በጣም ከተለያዩ ቤዝ ማንቀሳቀስ ብቻውን አያድንዎትም።

መፍትሔ ሁለት፦ ወደ 5 ጊጋኸርዝ መሻገር

ስልኩ የ2.4 ከሆነና ራውተሩ ሁለት ባንድ (የሞገድ ክልል፣ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ) ካለው፣ ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል ማለት ይቻላል። በአሳሽዎ የራውተሩን አድራሻ ከፍተው ወደ ዋይፋይ ሴቲንግ ይግቡ። ብዙ ራውተሮች ሁለቱንም ባንድ በአንድ ስም አዋህደው ነው የሚመጡት፤ የትኛውን ባንድ እንደሚይዝ የሚወስነው መሣሪያው ይሆናል፤ ሲርቅም ተመልሶ 2.4 ላይ ይጣበቃል። ውህደቱን ያጥፉና ለ5 ጊጋኸርዙ የተለየ ስም ይስጡት። ላፕቶፕ፣ ስማርት ስልክና ቴሌቪዥን ወደዚያ ይግቡ፤ ከዚያም የአሮጌውን ስም ኔትወርክ ከመሣሪያዎቹ ላይ ያስረሱ፤ አለበለዚያ ሾልከው ይመለሳሉ። 2.4 ብቻ የሚያውቁት እንደ አሮጌ ፕሪንተርና አንዳንድ ካሜራ ያሉት እዚያው ይቅሩ።

ስልኩ 5.8 ከሆነ ቻናሉን በእጅ ከ36፣ 40፣ 44 ወይም 48 አንዱ ላይ ያድርጉት። እነዚህ ከ5180 እስከ 5240 ሜጋኸርዝ ላይ ስለሆኑ ከስልኩ 500 ሜጋኸርዝ ያህል ይርቃሉ። በመካከል ያሉት፣ ከ52 እስከ 64 እና ከ100 እስከ 144 ያሉት፣ ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው። ራውተሩ እነሱን ከመጠቀሙ በፊት ቢያንስ አንድ ደቂቃ ማዳመጥ፣ ራዳር ሲሰማም ለቅቆ መሄድ ግዴታው ነው። ስለዚህ ራውተሩ ሲነሳ የ5 ጊጋኸርዙ ስም ዘግይቶ ቢመጣ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ።

5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ላይ ከ2.4 ይልቅ ይደክማል። በሁለት ግድግዳ ማዶ ላለ ክፍል ላይበቃ ይችላል፤ እዚያ የኔትወርክ ገመድ ዘርግቶ ሁለተኛ ራውተር እንደ አክሰስ ፖይንት (በገመድ የመጣውን ኔትወርክ በዋይፋይ የሚያሰራጭ) ማስቀመጥ ነው የሚያዋጣው። አዲሶቹ የዋይፋይ ዓይነቶች፣ ዋይፋይ 6ኢ ወይም 7፣ ያላቸው ቤቶች ከ5925 ሜጋኸርዝ በላይ ያለውን አዲሱን ክልል መጠቀም ይችላሉ፤ እዚያ የሚሠራ የቤት ስልክ የለም።

መፍትሔ ሦስት፦ የ2.4 ቻናል መምረጥ

5 ጊጋኸርዝ የሌለው ራውተር ከሆነ የሚቀረው ይህ ነው፤ ውጤቱ ግን በስልኩ ዓይነት ይወሰናል። የ2.4 ቻናሎች በመካከላቸው ያለው ልዩነት 5 ሜጋኸርዝ ሲሆን የአንዱ ቻናል ስፋት ግን 20 ነው። ስለዚህ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚቀመጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው፤ መሐላቸው 2412፣ 2437 እና 2462 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። 3 ወይም 8 መምረጥ ከሁለት ጎረቤት ጋር በአንዴ መጣላት ነው። 12 እና 13 በአንዳንድ አገሮች ቢፈቀዱም አንዳንድ መሣሪያዎች አያዩዋቸውም።

የቻናል ስፋቱን ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ ዝቅ ያድርጉ። 40 ላይ ዋይፋዩ የባንዱን ግማሽ ይይዛል፤ ስልኩ የትም ቢሆን ያገኘዋል።

አሁን ስልኩ። አንድ ቻናል ላይ ተቀምጦ የሚያወራ ከሆነ፣ አናሎጎቹ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፣ እጀታው ላይ ቻናል የሚል ቁልፍ ይኖረዋል። ራውተሩን 1 ላይ አድርገው እያወሩ ቁልፉን ይጫኑ፤ በእያንዳንዱ ላይ ፒንግ ይላኩ፤ ከዚያ 11ን ይሞክሩ። ጫፍና ጫፍ ሲይዙ ሁለቱም በሰላም ይኖራሉ። እየዘለለ የሚያወራ ዲጂታል ስልክ ከሆነ ግን በሰከንድ ብዙ ጊዜ ባንዱን ከዳር እስከ ዳር ስለሚረግጥ የትኛውም ቻናል አያመልጥም። ብሉቱዝም ይዘላል፤ ነገር ግን ከ2003 ወዲህ ያለው ብሉቱዝ ዋይፋይ ያለበትን ቦታ ለይቶ መዝለልን ተምሯል፣ ጉልበቱም ትንሽ ነው። አሮጌ ስልኮች ይህን ትምህርት አልወሰዱም።

ራውተሩ ቻናል በራሱ እንዲመርጥ መተው እዚህ ላይ አይሠራም። ብዙ ራውተሮች የሚመርጡት ሲነሱ ነው፤ በዚያች ሰዓት ማንም በስልክ አያወራም፤ ራውተሩም ስልኩ የሚጠቀምበትን ቻናል «ባዶ ነው» ብሎ ይይዘዋል። በእጅ ይምረጡ።

መፍትሔ አራት፦ ስልኩን መቀየር

ስልኩ የ2.4 ዘላይ ከሆነና 5 ጊጋኸርዝ ከሌለዎት ራውተር ሳይሆን ስልክ ይቀይሩ። ዴክት ስልክ ክፍት የሆነውን ቻናልና ጊዜ እየፈለገ ስለሚሠራ ከጎረቤት ዴክት ጋር እንኳ አይጋጭም። ሲገዙ የሚከተለውን ይመልከቱ።

የተሠራበት ክልል ከሚኖሩበት አገር ጋር ይግጠም። ይህ ቀልድ አይደለም፦ የሰሜን አሜሪካው ዴክት የሚጠቀምበት ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል፣ በሌላው ዓለም በብዙ ቦታ የሞባይል ቀፎዎች ወደ ጣቢያ የሚልኩበት ነው። ከዚያ በስጦታ የመጣ ስልክ የእርስዎን ዋይፋይ ባይነካም የሠፈሩን የሞባይል ኔትወርክ ሊረብሽና በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። አዳፕተሩም ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ከሆነ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። የአዳፕተሩ መለያ «100–240» ማለት አለበት።

ባትሪው ብዙ ጊዜ ባለ 1.2 ቮልት የሚሞላ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ነው። በቦታው ተራ የማይሞላ ድንጋይ አያስገቡ፤ ቤዙ ሊሞላው ሲሞክር ያፈሳል ወይም ይፈነዳል።

ኢኮ የሚባል አሠራር ያለው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ማንም በማያወራበት ጊዜ የቤዙን ስርጭት ይቀንሳል ወይም ያጠፋል። ለትልቅ ቤት ሁለት የተለያዩ ስልኮች ከመግዛት አንድ ቤዝና ብዙ እጀታ ያለውን ይምረጡ።

ዴክት ቢሆንም ቤዙን ራውተሩ ላይ አይደርቡት። ሞገዳቸው ቢለያይም በጣም የቀረበ አስተላላፊ የሌላውን መቀበያ ሊያደነዝዘው ይችላል፤ አንድ ሜትር ያህል ይራራቁ። ከቤዙ አጠገብ ያለ የድምፅ ማጉያ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ካሰማም ከዚያው የመጣ ነው፤ ዴክት በሰከንድ 100 ጊዜ እየቆራረጠ ስለሚልክ ነው።

ስልኩ ነጻ ከወጣ

ሦስቱ ፒንጎች ስልኩን ካልከሰሱ ተጠርጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው። ማይክሮዌቭ 2450 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል፤ ችግሩ ምግብ በሚሞቅበት ደቂቃ ብቻ ከመጣ እሱ ነው። የሕፃን መከታተያና የአናሎግ ገመድ አልባ ካሜራ ግን ቀኑን ሙሉ ያለ እረፍት ስለሚልኩ ከስልክም ይብሳሉ፤ ነቅሎ መሞከር ነው።

ጥቂት ሰው የሚጠረጥረው ዩኤስቢ 3 ነው። ኢንቴል በ2012 ባወጣው ሰነድ እንዳሳየው ዩኤስቢ 3 ገመድና ሃርድ ዲስክ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ጫጫታ ይረጫሉ። ከራውተሩ ጀርባ የተሰካ ዲስክ፣ ወይም ከገመድ አልባ ማውስ መቀበያ ጎን የተሰካ ፍላሽ፣ ዋይፋዩንም ማውሱንም ያንቀጠቅጣል። ዲስኩን በተሻለ ገመድ ወደ ዳር ማራቅ ወይም የማውሱን መቀበያ በአጭር ማራዘሚያ ማውጣት ይበቃል።

የጎረቤት ስልክም ግድግዳ አይከለክለውም። የራስዎ ስልክ ተነቅሎ ሳለ ፒንጉ ለአምስት ደቂቃ ተበላሽቶ በአንዴ ከጸዳ፣ ማዶ ያለ ሰው ጥሪውን ጨረሰ ማለት ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚሠራው ከላይ «መፍትሔ ሁለት» ያልነው፣ ወደ 5 ጊጋኸርዝ መሻገር፣ ብቻ ነው።

የማይሠሩትን ደግሞ እንጥቀስ። ቤዙን በአሉሚኒየም ፎይል መጠቅለል ስልኩን ያሰናክላል እንጂ ዋይፋዩን አያድንም። የሚለጠፉ «የጨረር ማጣሪያዎች» ምንም አያደርጉም። የራውተሩን ጉልበት መጨመርም ግማሽ መፍትሔ ነው፦ ራውተሩ ይጮኻል፣ የላፕቶፑና የስማርት ስልኩ ድምፅ ግን እንደ ድሮው ትንሽ ስለሆነ መልሳቸው ጫጫታው ውስጥ ይሰጥማል። በ2.4 የሚሠራ ሪፒተር መጨመር ደግሞ እያንዳንዱን መልእክት በዚያው በተጨናነቀ አየር ሁለት ጊዜ ማስተላለፍ ነው። ቦታቸውን የማይለቁ እንደ ቴሌቪዥንና ዴስክቶፕ ያሉትን በኔትወርክ ገመድ ካገናኙ ግን አየሩ ለቀሩት ይለቀቃል።

ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ያንኑ የመቶ ፒንግ ሙከራ እያወሩ ይድገሙት፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። አማካዩ ከ10 ሚሊሰከንድ በታች ሆኖ ከመቶው ከሁለት በላይ ካልጠፋ ቪዲዮም የድምፅ ጥሪም ሳይቆራረጥ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ መነካካት አያስፈልግም።